ለአራስ የማይነገር

በእኛ አገር ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ ብርድ ይገባባታል፣ ያመለጠችው ሞት ተመልሶ ይወስዳታል ይባላል። ስለዚህ የሞተው ማንም ይሁን፣ ተለቅሶለት ተቀብሮም ቢሆን፣ እሷ በርትታ ደጅ እስክትወጣ ድረስ ለእሷ በሕይወት ይቆያል። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች አስተዋዮች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ቤታቸው ውስጥ አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ እንዳልነበረ ግን እምላለሁ።

ያኔ እኔ ነቀምት እህቴ ቤት ተቀምጬ የምማር ኮረዳ ነበርኩ። ዘመኑ የንጉሡ ነው። የእህቴ ባል በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ ከቀዩ መንገድ ዳር የተሠራ፣ ሁለት ክፍልና ከጀርባው ማድቤት ያለው የጭቃ ቤት ነው። ወላጆቻችን በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ባለችው አኖ ይኖራሉ። በእህቴና በእኔ መካከል የተወለደ አንድ ወንድም ነበረን። ቡና በሚጭን መኪና ላይ ረዳት ስለነበር መኪናው ነቀምት በቆመ ቁጥር እኛ ጋ ነው የሚያድረው። የእህቴ ልጅ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ኤሱማ ይለዋል፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ኤሱማ በእኛ ዘንድ እንዲሁ አጎት ብቻ አይደለም፣ ልጅ የሚመካበት ሰው ነው። ወንድሜ ከመኪናው እንደወረደ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ልጁን አንገቱ ላይ ያወጣና ሰፈሩን ያዞረዋል። ልጁ ቁምጣው ላይ የናፍጣ እጅ ታትሞበት ይመለሳል፣ እህቴም ሁለቱን አንድ ላይ አቁማ ትቆጣቸዋለች።

እህቴ ሁለተኛ ልጇን የወለደች ዕለት ብዙ ደም ፈሰሳትና ለጥቂት ተረፈች። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ነርስ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ ደህና አድርጋ እንድትበላ፣ ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት አዝዛ ሄደች። የባሏ እናት ከገጠር መጡና ቤቱን ተረከቡ። ልጁ አኮ ይላቸዋል፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ እኛም ሁላችን አኮ አልናቸው። አኮ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅለው፣ በቅቤ አሽተው በእጃቸው ያጎርሷታል። እምቢ ስትል አፍንጫዋን ይዘው ያጎርሷት ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ።

የሕፃኗ እትብት ገና ሳይደርቅ፣ ከአኖ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ የወንድሜ መኪና በዝናብ ተንሸራትቶ ተገለበጠ። የእህቴ ባል ወሬውን የሰማው ለክረምት ሥራ ከሄደበት ትምህርት ቤት ነው። ቤት ገባና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሚስቱን እንዴት ዋልሽ ብሎ እኔን ወደ ማድቤቱ ጀርባ ጠራኝ። መጀመሪያ አፌን በመዳፉ ያዘ፣ ከዚያ ነገረኝ። ጩኸቴ እጁ ውስጥ ቀረ። ነክሼዋለሁ፤ እሱ ግን እጁን አላነሣም። ስረጋጋ ፊቴን አሳጠበኝና ሽንኩርት ሰጠኝ፣ ዓይኔ ስለቀላ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር እንድል። ለወንድሜ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ልቅሶ በሽንኩርት የተሳበበ ነው። እስከ ዛሬ ይህ ያናድደኛል።

ለእህቴ እናታችንን ሆዷን አሟታልና አይቻት ልምጣ አልኳት። ልጁ ቀሚሴን ይዞ አልለቅም አለ። አኮም፣ «ውሰጂው፣ እኔ አራስ ይዤ እሱን አልችልም» አሉኝ። አኖ ስንደርስ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሊያስቀሩት ሞክረው ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ መቃብሩ ሲያዘግም ግን አንዲት ጎረቤት አዝላው ተከተለች። መሬት ላይ ስንከባለል አየኝ። አያቱ ደረቷን ስትደቃ አየ። ሳጥኑ ሲወርድ፣ አፈሩ ሲመለስበት አየ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ኤሱማ ሞተ፣ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ጭኔ ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው።

ቤት ስንደርስ አኮ ወሬውን አዘጋጅተው ጠበቁን። ወንድሜ ኑኑ ቁምባ ቡና ሊጭን ሄዶ ወንዝ ሞልቶበት፣ መንገዱ ተቆርጦበት ነው። ክረምት ስለነበር ውሸቱ ጥሩ ውሸት ነው፤ በክረምት ወንዝ የማይቆርጠው መንገደኛ የለም። እህቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «ይኼ ወንድሜ የእህቱን ልጅ እንኳ ሳያይ ቀረ?» ስትል አኮ ይህንኑ ነገሯት። ልጁ ከምድጃው ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ተቀምጧል።

«ኤሱማ አኖ ነው ያለው» አለ እየበላ። «ቢዬ ጀላ ጂራ።»

ከአፈር በታች ነው ማለቱ ነበር። እኔ ግድግዳውን አየሁ። የእህቴ ባል የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ጎንበስ አለ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። አኮ ብቻ ሳቁ። «የዚህ ልጅ ሥራ ሰሞኑን መቅበር ነው። ማንኪያዬን ጓሮ ቀብሮብኝ ስፈልግ ሰነበትኩ» አሉ። እህቴም ሳቀች፤ ስትስቅ ስላመማት ሆዷን በእጇ ደገፈችና ልጇን፣ «እኔን ደግሞ እንዳትቀብረኝ» አለችው። ልጁ በቆሎውን ከአፉ አውርዶ አፈጠጠባት።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉኝ አኮ በኋላ ማድቤት ውስጥ፤ የልጅ ወሬ ማን ይሰማል ማለታቸው ነው። እኔ ግን አልቀለለኝም። በማግሥቱ ልጁን ጓሮ ወስጄ ትከሻውን ይዤ፣ እማዬ ፊት የኤሱማን ነገር እንዳታነሣ አልኩት። እሺ አለ። እሺ ሲል ደግሞ ከልቡ ነው። ከዚያ ሮጦ ገባ።

«እማዬ፣ የኤሱማን ነገር አልነግርሽም። እቴቴ አትንገር ብላኛለች።»

እቴቴ የሚለው እኔን ነው። ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ፤ ወንድማችን ጥለቱ ያማረ ቀሚስ ሊያመጣልሽ አስቦ ሳትሰሚ እንዲሆን ነው አልኳት። እህቴ ፊቷ በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ቀሚስ ትጠብቅ ጀመር። ሊጠይቋት ለሚመጡት ሁሉ፣ «ወንድሜ ከመንገድ ሲመለስ ቀሚስ ያመጣልኛል» ትላለች። እነዚያ ሴቶች እኛ በር ሲደርሱ ነው ያዘቀዘቁትን ነጠላ መልሰው አስተካክለው የሚገቡት። «እሰይ፣ ደግ ወንድም» ይሏታል። ከዚያ ማድቤት ይመጡና ያንን የለቅሶ ፊታቸውን እኔ ላይ ያወርዱታል። አንዲቷ እጄን ይዛ፣ «አንቺስ መቼ ልታለቅሺ ነው?» አለችኝ። ማልቀሻ ቦታ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ወንዝ እንዳልወርድ ጭቃ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ሁለት ክፍል ነው።

ልጁ በዚያው ሰሞን እናቱን መሸሽ ጀመረ። ስትጠራው አይሄድም። ከአንጮቴዋ ቆርሳ ብትሰጠው እጇን ገፍቶ ጣለው። ልታቅፈው ስትል ገላው እንደ እንጨት ይደርቅባታል። ሰው ሁሉ ምክንያቱን አወቀ፤ ሕፃኗ መጥታበት ቀንቶ ነው። አባቱም፣ አኮም፣ ጠያቂውም ይህንኑ አለ። እህቴ ራሷ እንደዚያ አመነችና ሕፃኗን ከአልጋው ጥግ አስተኝታ ለእሱ ቦታ ታበጅለታለች። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ ያያታል። አንድ ቀን ከሄደ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለቅስ ደረስኩባት። አኮ በዚያ ዕለት እኔን ተቆጡኝ፤ እንባ ለአራስ መርዝ ነው፣ ይህን ልጅ አንድ ነገር አድርጊው አሉኝ። አንድ ነገር! እኔ ምን አውቄ?

ከጓሮ ሲመለስ እግሩን ሳጥበው ነው ነገሩ የወጣው።

«እማዬ ክፉ ናት» አለኝ።

«ለምን?»

«ኤሱማ ሞቶ ትስቃለች። አንቺ አልቅሰሻል። የአኖዋ አኮ አልቅሳለች። እሷ ቀሚስ ቀሚስ ትላለች።»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። ስንት ሰው ተሰብስቦ ቀንቶ ነው ሲል፣ ልጁ ለካ እናቱን የሚቀጣት በለቅሶ ቀሪነት ነው። ትልቅ ሰው ለቅሶ ያልደረሰ ዘመዱን እንደሚያኮርፈው ነው ያኮረፋት።

«እማዬ እኮ አታውቅም» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኤሱማ መሞቱን።»

እንጀራ አይበላም እንዳልኩት አድርጎ አየኝ። «እኔ አውቃለሁ» አለ።

«አንተ ታውቃለህ። እሷ ግን አታውቅም።»

«አይቻለሁ እኮ!»

እሱ ካየው በቃ፣ ታየ ማለት ነው። እሱ እዚያ ነበር፣ አፈሩ ሲገባ አይቷል፤ እንግዲህ እናቱ እንዴት ላታውቀው ትችላለች? የልጁ ዓይን ያየው ነገር በእናቱ ልብ ውስጥ አለመኖሩ ሊገባው አልቻለም። ደጋግሜ ነገርኩት። እሷ ቤት ነበረች፣ አንተ አኖ ነበርክ አልኩት። እሱ ግን እያንዳንዱን ቃል ከሰማ በኋላ፣ «ታዲያ ለምን አታለቅስም?» ይላል። እግሩን አድርቄ ለቀቅኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከመንገዱ ማዶ አንድ ባለሱቅ ነበር። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት የከረመ፣ ኦሮምኛው ከእኛ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ጨው ወይም ላምባ ልገዛ ስሄድ ልጁን አስከትላለሁ፣ ከቤት ማራቅ ግዴታ ሆኖብኝ ነበርና። ባለሱቁ ከልጁ ጋር አንድ ጨዋታ አላቸው። ከረሜላ ከአንዱ እጁ ውስጥ ጨብጦ ሁለቱን ቡጢ ይዘረጋና፣ «ጉርባ፣ በየትኛው ነው?» ይለዋል፤ አንተ ልጅ ማለቱ ነው። ካገኘው ይበላል። ተራው የልጁ ሲሆን ግን ጨዋታው ይበላሻል። ልጁ ከረሜላውን ይጨብጥና፣ በየትኛው ነው ብሎ፣ ያለበትን እጅ ወደ ፊት ይገፋዋል። ባለሱቁ አውቆ ሌላውን ሲነካ ልጁ ይናደድና፣ «እዚህ ነው እኮ!» ብሎ ይከፍትለታል። ይህን የሚያህል ሰው፣ ያውም ባለሱቅ፣ ከረሜላው የት እንዳለ አለማወቁ ያሳፍረው ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጣሪያ ሥር ተጠልለን ነበር። ባለሱቁ ሥራ ስለፈታ ተጫወቱ። ተራው የልጁ ሆነ። እጁን ከኋላው ደብቆ ቆየና ሁለቱን ቡጢ እኩል ዘረጋ። አንዱም አልቀደመም። ባለሱቁ ቀኙን ነካ፤ ባዶ ነበር። ግራውን ሊነካ ሲል ልጁ ቡጢውን መልሶ ደረቱ ላይ ያዘው። ሁልጊዜ የሚያደርገውን አላደረገም፣ አልከፈተለትም። ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ባለሱቁም ነገሩ ገርሞት፣ «እንዴ፣ ዛሬስ በእውነት ተበላሁ» አለ።

ልጁ አልሳቀም። ዘወር ብሎ በዝናቡ ውስጥ ቤታችንን አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ቀሚሴን ያዘ።

«እቴቴ፣ እማዬ እዚያ ውስጥ ናት?»

«አዎ።»

«ኤሱማ መሞቱን አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ያኔ ማልቀስ ጀመረ። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ርቦት ሲያለቅስም አውቀዋለሁ፤ ይህ ሌላ ነው። ያለቀሰው ለእሷ ነው። በገዛ ቤቷ ውስጥ ከአልጋዋ ተኝታ፣ ሁሉ ያወቀውን ሳታውቅ፣ ቀሚስ እየጠበቀች ያለችውን ሴት ያን ቀን ነው ያያት። እኔም እስከዚያ ድረስ እህቴን እንደዚያ አድርጌ አላየኋትም ነበርና እዚያው ሱቅ በር ላይ አብሬው አለቀስኩ። ባለሱቁ ፊቱን አዙሮ የተደረደረ ሳሙና እንደገና ደረደረ።

«ማነው የሚነግራት?» አለኝ አፍንጫውን በቀሚሴ ጠርጎ።

«ስትበረታ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እነሱ ይነግሯታል።»

«ሲነግሯት ታለቅሳለች?»

«ታለቅሳለች።»

«መሬት ላይ? እንደ አንቺ?»

አዎ አልኩት። ለምን እንዳልዋሸሁት እንጃ፤ እውነቱን መናገር የለመድኩት ለእሱ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

«እንግዲያው አይንገሯት» አለ።

ቤት እንደገባን ልጁ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄዶ አልጋው ላይ ወጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። አንገቷን አቀፋት፣ ጉንጯን በእጁ ዳበሳት። እህቴ ከደስታዋ ብዛት መተንፈስ ያቆመች መሰለኝ፣ ብትንቀሳቀስ የሚሄድባት እየመሰላት። ራሱን ታሻሸው ጀመር። ማንም ምንም አልጠየቀውም። እሱ ግን ተናገረ።

«ኤሱማ ኑኑ ቁምባ ነው ያለው። ወንዝ ሞልቶበት ነው። ወንዙ ትልቅ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ይመጣል፣ ቀሚስሽንም ያመጣል። አልሞተም።»

የእህቴ እጅ ራሱ ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና ማሻሸቷን ቀጠለች። «እሺ፣ ይመጣል» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር። አኮ ከበር ላይ ሆነው በዓይናቸው አመሰገኑኝ፤ ልጁን ያስተማርኩት እኔ መስያቸው ነው። እኔ ደግሞ፣ ሞኝ ነኝና፣ ተመስገን አልኩ።

ከዚያን ቀን በኋላ እህቴ ስለ ወንድማችን መጠየቅ ተወች። ቀሚሱንም አላነሣችውም። እኛ ልጇ ስለታረቃት ልቧ ሞልቶ ነው አልን። ሰው ሲቸግረው የሚያመቸውን ያምናል።

ልጁ ግን ዘብ ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ ካለበት ሮጦ ይመጣና አልጋው ላይ ይወጣል። አንዷ ከንፈሯን ከመጠጠች ወይም በረጅሙ ከተነፈሰች ጮክ ብሎ ማውራት ይጀምራል፤ ስለ ድመት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምንም። የሚያወራው ሲያልቅበት ይዘፍናል። አኮ ይስቃሉ። ጠያቂዎቹ ይመርቁታል። አንድ ቀን እንጨት ለማምጣት ወጥቼ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ወንድሜ የሞተ ዕለት እኔ ከቆምኩበት ቦታ ላይ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ኤሱማ ኤሱማ እያለ ሲያለቅስ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣ። ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ «ዓይኔ ቀልቷል?» አለኝ።

ይህን ያስተማረው የለም። ማንም ሽንኩርት አልሰጠውም። ያኔ ተንበርክኬ ልቀበለው ፈለግኩ፣ ይህን ሸክም አውርድ፣ ያንተ አይደለም ልለው። ግን አውርድ ብለው ምን ሊያደርግ ነው፣ ሄዶ ሊነግራት? ያዝ ብለውስ እስከ መቼ? አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ልብ ለብቻው እንደሆነ ያወቀ ልጅ ተመልሶ እንደማያውቅ ሊሆን አይችልም። በር ቢሆን ይዘጋል። ውኃ አመጣሁና ፊቱን አጠብኩት። አሁን ደህና ነው አልኩት። ገባ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነርሷ መጥታ አየቻትና በርትታለች አለች። የእህቴ ባል ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ተማከረና ቀን ቆረጡ። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፣ ሰው ገና ወደ ሥራው ሳይበተን። ያን ዕለት እናቴ ከአኖ ዋዜማውን መጥታ ጎረቤት አድራለች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ግቢው ውስጥ ሲገቡ የእግራቸውን ድምፅ ሰማሁ። እኔ እህቴ ጋ ነበርኩ።

እህቴ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯን ሠርታለች፣ አልጋዋን አንጥፋለች፣ ሕፃኗን እያጠባች ነው። ከጡቷ አላቀቀቻትና ወደ እኔ ዘረጋቻት።

«ያዢልኝ» አለችኝ። «አጥግቤያታለሁ። ሲነግሩኝ እጄ ላይ እንዳትሆን።»

ሕፃኗን ተቀብዬ ቆምኩ። እንዴት እንዳወቀች ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም አርጅተን ነው የነገረችኝ። «አፈር ሥር ነው ሲለኝ ጨዋታ ነው ብዬ ሳቅሁ» አለችኝ። «ኑኑ ቁምባ ነው ሲለኝ ግን አወቅሁ። ሳልጠይቀው ነገረኝ። አልሞተም አለኝ፤ ማን ሞተ ብሎት? የዚያን ጊዜ ልቡን በጆሮዬ እሰማው ነበር፤ ደረቴ ላይ ሆኖ እንደ ጫጩት ይመታል።» ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ያን ያህል ሲደክምልኝ እንዴት አውቃለሁ ልበለው አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያ ቤት ያን ሰሞን እንደዚያ ነበር የኖረው።

ከደጅ የልጁ ድምፅ ተሰማ። የእናቴን ፊት ያየ ጊዜ ምን እንደመጣ ገብቶታል። በሩ መሐል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

«ኢሼን ሂን ቤክቱ» ይላል። «ኢቲ ሂን ሂሚና።»

እሷ አታውቅም። አትንገሯት። ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር ይበልጡን አማርኛ ነበር የሚያወራው፤ ለሽማግሌዎቹ እንዲገባቸው በእነሱ ቋንቋ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ስንት የልቅሶ ቤት ያዩ፣ ስንቱን ራሱን ሊገድል የተነሣ ሰው የያዙ ናቸው። ለዚህ ግን መላ አልነበራቸውም። ታላቅየው በዱላቸው ተደግፈው ዝቅ አሉና፣ «ጉርባ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ደህና ሆና ነበር» አላቸው ልጁ። «ኤሱማ ይመጣል ብያታለሁ። ሂዱ።»

እህቴ ይህን ሰማች። አየኋት፣ ፊቷ ሊፈርስ ሲል ያዘችው። ከዚያ ጋደም አለች፤ ጋቢዋን እስከ አንገቷ ሳበች፤ እንቅልፍ ላይ እንዳለ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ዓይኗን ጨፈነች።

አባቱ ልጁን ከበሩ ሊያነሣው ሲል አምልጦት ወደ ውስጥ ሮጠ። አልጋው ላይ ወጣ፤ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ሁለት መዳፉን ሁለት ጆሮዋ ላይ ጫነ። እሷ ዓይኗን ገለጠች፣ ምነው ልጄ የምትል መሰለች፣ እጆቹን ግን አላነሣችበትም። ሽማግሌዎቹ ገቡ። የመጡበት ነገር ነውና ወደ ኋላ አይመለሱም። ታላቅየው ቆባቸውን አውልቀው እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ወሰደ አሉ፣ የወንድሜን ስም ጠሩ፣ ቦታውን ተናገሩ፣ በወጉ ማረፉንም ተናገሩ። በሩን የሞሉት ሴቶች የእሷን ጩኸት ነው የሚጠብቁት፤ መርዶ የተነገራት ካልጮኸች ሌላው አይጮህም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። የእህቴ ፊት ምንም አልሆነም። ልጁን ነው የምታየው።

እሱም የሚያያት እሷን ነው፤ ቃሉ አልፎ ገብቶ እንደሆነ ከፊቷ ላይ ይፈልጋል። ሽማግሌው ዝም ሲሉ አንዱን እጁን በትንሹ ነቀል አደረገና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ ሰማሽ እንዴ?»

«አልሰማሁም» አለችው።

እጁን መልሶ ጆሮዋ ላይ አደረገ።